መርዶ በሣር ጓል ቤት

የካቲት 2 ቀን 1989፣ እሑድ

ምዕራፍ አራትን ጨረስኩ። ጎበዝ ነኝ። ሌላ ሰው እስኪለኝ ብጠብቅ ፋሲካ ይደርሳል፣ ስለዚህ ራሴ ብያለሁ።

ቀኑን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሚኒያፖሊስ 1997 ገብቻለሁ ካለች መብቷ ነው።

ልብ ወለዴ ስለ እኛ አይደለም። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ከመቶ ዓመት በፊት ከኖርዌይ መጥታ እዚህ ሜዳ ላይ የሰፈረች፣ ጉድሩን የምትባል ሴት ታሪክ ነው። ባሏ ኒልስ ይባላል። በሜዳው ላይ ዛፍ ስለሌለ ቤታቸውን የሠሩት በማረሻ ከነሥሩ ተገምሶ በተቆረጠ የሣር ጓል ነው፤ ሲዘንብ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሳይዘንብ ደግሞ ትል ያወርዳል። የዚህ ከተማ ታላቃችን እትዬ ማሚት “አበሻው ስንት ጉድ ይዞ ተቀምጦ አንቺ የፈረንጅ ገበሬ ትጽፊያለሽ?” አሉኝ። አዎ፣ እጽፋለሁ። ፈረንጅ ስለ እኛ ሲጽፍ ስንት ዘመኑ ነው፤ መጥቶ ያስፈቀደን የለም።

ጉድሩንን ያገኘኋት ከእማማ አግነስ አፍ ነው። ፊሊፕስ ሰፈር ውስጥ በምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ በሽማግሌዎቹ መጦሪያ፣ የሚኖሩ የዘጠና አምስት ዓመት ባልቴት ናቸው። እናታቸው ስምንት ልጅ የወለዱት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥር ያወራሉ፣ እኔም ምሳ ሰዓት ላይ እጽፋለሁ።

የምጽፈው ለአባባ ነው። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ጡረተኛ አስተማሪ ነው፤ ሰዋስው ካበላሸሁ ከደሴ ድረስ ይቆጣኛል። ዓይኑ ስለደከመ ምዕራፍ በጨረስኩ ቁጥር በካሴት ቀድቼ እልክለታለሁ። ወንድሜ ምንዳዬ ቴፑን ይከፍትለትና አባባ የሚለውን ጽፎ ይመልስልኛል። አሁን ደግሞ ኩላሊቱን አመመው። መጨረሻውን ሳይሰማ እንዳይሄድብኝ ነው ጥድፊያዬ። ሌላ የምፈራው ነገር የለም።

የካቲት 7፣ ዓርብ

የምንዳዬ ደብዳቤ ደረሰ። አባባ ምዕራፍ ሦስትን ወዶታል። “ገበሬውን ከማረሻው ጋር ብዙ አታናግሪው፣ ማረሻ አይመልስም” ብሏል። ሳቅኩኝ፣ ከዚያ ሦስት አንቀጽ ሰረዝኩ።

ከታች ምንዳዬ በራሱ በኩል አንዲት መስመር ጨምሯል። “እኔንስ እንዴት ነህ የምትይኝ መቼ ነው?” ይላል። እሱ ደግሞ ምን ይሆናል! በሚቀጥለው ደብዳቤ እጠይቀዋለሁ።

የካቲት 11

ሁለት ፈረቃ። እግሬ አብጧል። ፍቅሬ ከኤርፖርት ተመልሶ ታክሲውን አቁሞ ሲገባ ደብተሬን አየና “ስተዲ አድርጊ እንጂ! የላይሰንሱ ፈተና እኮ ሚያዝያ ሦስት ነው” አለኝ። ባሌ እውነቱን ነው። የነርስነቱን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ ዘንድሮም ካላለፍኩ ነርሲንግ ሆሙ ቦታውን ለሌላ ይሰጠዋል። አልፋለሁ። ጉድሩንም ታልፋለች።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ እትዬ ማሚት ቤት ለሚሰበሰቡት ያገሬ ሰዎች ምዕራፍ አራትን አነበብኩላቸው። በየሦስት ሳምንቱ ቅዳሜ ነው የምንሰበሰበው። እንደ ልማዳቸው ይቀልዱ ነበር። አንዱ “ኒልስ ለምን እንደ እኛ ሰው ብሩክሊን ፓርክ ቤት አይገዛም?” እያለ ያስቃል። መሐል ላይ ኤዶሳ አርፍዶ ገባ። ኤዶሳ የምንዳዬ አብሮ አደግ ነው፤ አባባም አስተምሮታል፤ አሁን ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ለእትዬ ማሚት በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸው። እሳቸው ፍቅሬን ጠርተው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

ሲመለሱ የቀለደ የለም። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። የበረዶው ማዕበል ያለበት ክፍል ነው፣ አውቄዋለሁ፣ እዚያ ላይ ይይዛቸዋል ብዬ ነበር። እንዲህ ጸጥ ተብሎ ስደመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ፍቅሬ ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዞ ነው ድራይቭ ያደረገው። አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሥነ ጽሑፍ ምን ታደርጋለች!

የካቲት 18

ደሴ ደወልኩ። የምንዳዬ ሚስት አይዳ አነሳች። አባባን ጠበል ወስደውታል፣ ሁለት ሱባኤ ይቆያል፣ እዚያ ስልክ የለም። “ምንዳዬስ?” አልኳት። “እሱ ነው ይዞት የሄደው” አለች። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው አለች።

ጠበል ሲወስዱት ለእኔ አንድ ቃል አይነግሩኝም? ምንዳዬ ተቆጪ ሲለኝ ነው።

የካቲት 23፣ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። እትዬ ማሚት ለቅበላ ሁለት ድስት ወጥ ይዘው መጡ። ነገም ሌላ ሰው ሽሮና ምስር ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ለፈተናው ጊዜ እንዳገኝ ነው አሉ። ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሳልፍ ሁለት ሴቶች “ከፈተናዋ በኋላ ነው፣ ከፈተናዋ በኋላ” ሲባባሉ ሰማሁ፤ ሲያዩኝ ስለ ቅዝቃዜው ማውራት ጀመሩ። ድግስ እያሰቡልኝ ነው። ደስታዬን ደብቄ አለፍኩ። ሲደግሱልኝ አልጠበቅኩም ነበር ማለትን ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነው።

የካቲት 30፣ እሑድ

ምዕራፍ አምስት አለቀ፤ ከእስካሁኑ ሁሉ ይበልጣል። የጉድሩን እናት ኖርዌይ ውስጥ ሞተዋል። ደብዳቤው በመርከብና በባቡር ሁለት ወር ተጉዞ ይደርሳል። የሚቀበለው ኒልስ ነው። ለሚስቱ አይነግራትም፤ እርጉዝ ናትና። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ዞሮ ይነግራቸዋል። ከወለደች በኋላ ጎህ ሳይቀድ በጋሪ ይመጣሉ፣ ሽማግሌው ይቀድማል፣ ሴቶቹ ይከተላሉ፣ በሩን ያንኳኳሉ። እሷ በሩን ስትከፍት ገና ሳይነግሯት እናቷ እንደሞቱ ታውቃለች።

ስጽፈው አለቀስኩ። ራሴን ያስለቀሰኝ ሌላውንም ያስለቅሳል።

መጋቢት 2

እማማ አግነስን ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ምዕራፉን በእንግሊዝኛ ተረኩላቸው። መጨረሻው ላይ ሳቁ። ጥርሳቸውን አላጠለቁም ነበር፤ በድዳቸው ነው የሳቁት።

“የምን ጎረቤት?” አሉኝ። “የቅርቡ ጎረቤታችን የስድስት ኪሎ ሜትር መንገድ ነበር።”

የእናታቸውን ነገሩኝ። ደብዳቤው ሲመጣ ፖስታው ጠርዙ ጥቁር ነው። የሞት ደብዳቤ እንደዚያ ነበር፤ ሳይከፈት ይታወቃል። እናታቸው ፖስታውን አዩት፣ የግድግዳው ሰዓት ጀርባ ሻጡት፣ ስንዴ ሊዘሩ ወጡ። ዘሩ እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት አልከፈቱትም።

“ታዲያ ማን አብሯቸው አለቀሰ?”

“ላሟ” አሉ እማማ አግነስ።

ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ኖርዌጂያኖችን መርዶ አስቀምጫቸዋለሁ። ሜዳውን ሙሉ በለቀስተኛ ሞላሁት! ፍቅሬ ቢሰማ ዓመት ይስቅብኛል። ግን አልቀይረውም። ጉድሩን የእኔ ናት፤ ብቻዋን ከላም ጋር አላስለቅሳትም። አባባም እንዲህ ያለውን አይወድም። ሰው ቢጠፋ እንኳ ከጎረቤት ይበደራል እንጂ ብቻ አይለቀስም ይላል።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ኒልስ ለጎረቤቶቹ “እስክትወልድ አፋችሁን ያዙ” የሚልበት ጋ ስደርስ እትዬ ማሚት ተነስተው ወጡ። ኤዶሳ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ፂሙን አሳድጓል። “ምነው ባሕታዊ ልትሆን ነው?” አልኩት፤ “ጾም አይደል” አለኝ። ካነበብኩ በኋላ ያጨበጨበ የለም፤ ተራ በተራ አቀፉኝ።

ፍቅሬ መኪና ውስጥ “ይሄን ምዕራፍ ሁለተኛ ባታነቢው” አለኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። “ከባድ ነው” አለ። ከባድ እንዲሆን ነው እኮ የጻፍኩት! ቀንቶ ይሆን? አይደለም፣ ፍቅሬ አይቀናም። ስለዚህ መጽሐፉ ጥሩ ነው።

ካሴቱን ሰኞ እልካለሁ።

መጋቢት 11

ቤዛዊት እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ “ማሚ፣ ኢዝ ግራንድፓ አሎን ናው?” አለችኝ። አሥር ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች።

“ለምን ብቻውን ይሆናል? አጎትሽ ምንዳዬ አለ አይደል?” አልኳት።

ፍቅሬን አየችው። ፍቅሬ ሳህኑን አየ። ከዚያ “አይ ሃቭ ሆምወርክ” ብላ ገባች፤ የቤት ሥራዋን ግን ቅድም ጨርሳለች። ቆጣ ብዬ ስለመለስኩላት ይሆናል። ልጄን አሁን አሁን በቁጣ ነው የማናግራት። ፈተናው ይለፍና እክሳታለሁ።

መጋቢት 15

ደሴ ማንም አያነሳም። ሦስቴ ደወልኩ። ከምንዳዬ ደብዳቤ የለም። ሁለት ካሴት ልኬ አንድ ቃል አልመለሰም። ለአንድ መስመር መልስ ስላልሰጠሁት አኩርፎ ነው? አርባ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ያኮርፋል? የአባባን ነገር እንኳ ሊጽፍልኝ ይገባ ነበር።

ኩላሊትን አጥኚ። ፖታሲየም። ሶዲየም።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ፍቅሬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሰኞ ቀን! እሑድ እንኳ በልመና ነው የሚነሳው። ኤዶሳ መጥቶ ወሰደው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። “ለፈተናሽ ጸልየን ነው” አለኝ።

ለእኔ ፈተና ኤዶሳ ምን ቤት ነው?

መጋቢት 23

ሥራ ቦታ የእማማ አግነስን አልጋ እያነጠፍኩ ቆጠርኩ። ሳላስበው ነው። ከትናንት አርባ ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር የካቲት 13 ላይ ወደቀ። ኤዶሳ አርፍዶ የገባበት ቅዳሜ የካቲት 15 ነው።

ትራሱን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።

ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ ባይ! ስልክ የሌለበት ጠበል፣ የአይዳ ጉንፋን፣ ሁለት ድስት ወጥ፣ የኤዶሳ ፂም። አስተማሪው ነበራ፣ ሐዘን ቢቀመጥ ምን ይገርማል። “ከፈተናዋ በኋላ” የተባለውም ድግስ አይደለም። ቤዛዊት እንኳ ታውቃለች፤ ልጅ ናት፣ ለመጠየቅ ሞክራ ቃሉን አሳሳተችው።

አባባ ሞቷል። አርባው ትናንት ወጣ። ሁሉም ያውቃሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ምዕራፍ አምስትን ደግሞ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ ድምፄን እያሳመርኩ።

መጋቢት 24

እማማ አግነስ ዓይኔን አይተው “ምን ሆነሻል?” አሉኝ። አባቴ ሞቶ እንደደበቁኝ ነገርኳቸው። ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ፤ ራሴ እንደደረስኩበት መለስኩ። እጄን ያዙኝና “አሁን ታዲያ ሄደሽ ጠይቂያቸዋ” አሉኝ።

አልጠይቅም። ፈረንጆቹ አያውቁም እንጂ እኛ ዘንድ ይህ ሥራ ነው። ሰዎቼ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሸክሙን ይዘው ሲያበሉኝ፣ ሲያቅፉኝ፣ አፋቸውን ሲይዙ ኖረዋል። ፈተናውን እንዳልወድቅ ብለው ነው። አሁን አውቄአለሁ ብል ልፋታቸው ገደል ገባ። እነሱ ከደበቁኝ እኔ ደግሞ ከእነሱ እደብቃለሁ፤ ከእነሱም እበልጣለሁ። ፈተናውን አልፋለሁ። ሲመጡም እንደ አዲስ ሰምቼ አለቅሳለሁ።

ዛሬ ግን የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ማሽኑን አስነስቼ አለቀስኩ። ለአባባ የሚገባውን ሁሉ አለቀስኩ። መጨረሻውን ሳይሰማ ሄደ። አንድ ወር ቀድሜ በጨረስኩ ኖሮ! የማንም ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። ስለ በረዶው ማዕበል አሥራ አንድ ገጽ ምን አስጻፈኝ?

ምንዳዬንም ይቅር ብየዋለሁ። አልጽፍ ያለው መዋሸት ስላልቻለ ነው። ሲነግሩኝ መጀመሪያ የምደውለው ለእሱ ነው።

መጋቢት 30

አጠናለሁ። እበላለሁ። ፍቅሬ ሲያየኝ ፈገግ እላለሁ። ትናንት “ጥሩ ነሽ አይደል?” አለኝ። “በጣም” አልኩት። ተዋናይም ይወጣኝ ነበር።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ፈተናው አለቀ። ኮምፒዩተሩ ቶሎ ዘጋብኝ፣ ጥሩ ምልክት ነው ይላሉ። አልፌአለሁ። ስለ ኩላሊት አራት ጥያቄ መጣ፤ አራቱንም ሠርቻለሁ።

ፍቅሬ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። “ሃው ዋዝ ኢት?” ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። ቤት ስንደርስ ጓዳ ገብቶ ስልክ ደወለ።

ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። ጥቁር ቀሚሴን ተኩሼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከኮቴ ጀርባ ሰቅያለሁ። ወንበር ከጎረቤት መዋስ አልችልም፣ ይነቃብኛል። ዝግጁ ነኝ። አባባ እንደኔ የተዘጋጀ ልጅ የለውም።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ዛሬ ነው እስክሪብቶ ማንሳት የቻልኩት።

ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ነቅቼ ነበር። ፍቅሬ ሲከፍት ተኝቼ ጠበቅኩ፤ “ተነሽ፣ ሰው መጥቷል” ሲለኝ እንደ ባነነ ሰው ተነሳሁ። ሳሎኑ ሞልቷል። እትዬ ማሚት በነጠላቸው ወገባቸውን ታጥቀዋል። ኤዶሳ ከግድግዳው ሥር ቆሟል። የተለማመድኩት ሁሉ ትዝ አለኝ፤ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

“ልጄ፣ በርቺ” አሉ እትዬ ማሚት። “የሁላችንም መንገድ ነው። ወንድምሽ ምንዳዬ አርፏል። ከኮምቦልቻ ሲመለስ መኪና ተገልብጦ።”

“አባባ ነው እንጂ!” አልኳቸው።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ተሳስታችኋል እንደማለት። ገጽ ተሳስቶ እንደሚያነብ ሰው አረምኳቸው። እትዬ ማሚት አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ፍቅሬ “ምን አልሽ?” አለኝ። “አባባ እኮ ነው የሞተው” አልኩ እንደገና። ያኔ ኤዶሳ ከግድግዳው መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። “አባባ ደህና ናቸው። ምንዳዬ ነው” አለኝ። “ምንዳዬ ነው፣ እህቴ። ምንዳዬ።”

መጀመሪያ የተሰማኝን እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ደስ አለኝ። አባባ አለ ብዬ ደስ አለኝ። አብሮ አደጉ ትከሻዬን ይዞ እያለቀሰ፣ እኔ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ “እኔንስ እንዴት ነህ የምትይኝ መቼ ነው?” የሚለው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። አንስተው የያዙኝ አራት ሰዎች ናቸው አሉ።

ሦስት ቀን ሰው ሲወጣ ሲገባ ዋለ። ማንም ስለዚያ ንግግሬ አላነሳብኝም፤ ሐዘን ነው ያስባላት ብለው ይሆናል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሁሉንም ምልክት በትክክል አንብቤ ሰውዬውን ሳትኩት። አንድም ቀን ስለ ምንዳዬ አልፈራሁም። ካሴት ከፋች፣ ደብዳቤ ጸሐፊ አድርጌ ነው የያዝኩት፤ በገዛ ደብተሬ ውስጥ እንኳ ሌላ ሥራ አልሰጠሁትም። ለኒልስ ማረሻ ሁለት ገጽ ጽፌአለሁ።

ትናንት ምዕራፍ አምስትን አወጣሁ። ጉድሩን በሩን ስትከፍት ገና ሳይነግሯት ማን እንደሞተ ታውቃለች ብዬ ነበር። ያን አንቀጽ ሰረዝኩት። አታውቅም። ሰዎቹ ቆመው እስኪነግሯት ድረስ ምንም አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ከአባባ ጋር አገናኙኝ። ጠበል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቤቱ ነው የኖረው። ስልክ እንዲያነሳ ያልፈቀዱለት ድምፄን ከሰማ ማልቀሱን መያዝ ስለማይችል ነው። ልጁን ቀብሮ ለልጁ እንዳይነግር ሰባት ሳምንት አፉን ዘጉት።

 እሱ ነው የጀመረው።

“ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሰው ሁሉ ቁጭ ብዬ ሲያየኝ ይደነግጣል” አለኝ። “ሽማግሌው ነው የሞተው ብሎ የመጣ ነው። በረኛ ይመስል በሩ ላይ ተቀምጬ ስህተታቸውን አርማለሁ።”

ዝም ልል ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ነው ያለው።

“አባባ” አልኩት፣ “እኔም አንተ መስለኸኝ ነበር። ለብቻዬ አልቅሼልሃለሁ። እነሱ ምንዳዬ ሲሉኝ አንተ በመኖርህ መጀመሪያ ደስ አለኝ።”

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ።

“አለሁ” አለ በመጨረሻ። “ሌላው እኔ መስዬው እንደነበር በዓይኑ ነው ያለኝ፤ በአፏ ያለችኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ። የእኔ ለቅሶ ይቆየን፣ ጊዜው ሲደርስ ይደረሳል። አሁን ለእሱ እናልቅስለት። ሰው ሁሉ እኔን እያየ ለእሱ በቅጡ ያለቀሰለት የለም።”

እና ሁለታችንም ለምንዳዬ አለቀስን። የስልክ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ አለቀስን፣ ከዚያ ፍቅሬ ሌላ ካርድ ሰጠኝና እንደገና ደወልኩ።